ወንዛዬ ላይ የተበየደ ሰርግ

ሰው ብዙ ነገር ከእጁ ይወድቅበታል። ብርጭቆ የሚወድቅበት አለ፤ እንቁላል የሚወድቅበት አለ፤ ሥልጣን የሚወድቅበትም አለ። እኔ የወደቀብኝ የገዛ ሰርጌ ነው። ሙሽራዋ፣ ሚዜዎቹ፣ ቄሶቹ፣ ዳሱ ውስጥ ሲበላና ሲጠጣ የነበረው ሕዝብ ሁሉ ከመዳፍ በማትበልጥ ጥቁር ሣጥን ውስጥ ተጠቅልሎ ነበር። ሣጥኗን ይዤ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። ባጃጁ ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ሣጥኗ ከጭኔ ተነሥታ፣ በር በሌለው በር ወጥታ፣ የደብረ ታቦር ጥቁር ድንጋይ ላይ አረፈች። ሹፌሩ ዞር ብሎ አየና ሳሙና መስሎት "ምንም አይሆን" አለኝ።

ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ።

ገበያው አጠገብ ሬዲዮና ሞባይል እጠግናለሁ። ሱቄ ጠባብ ናት፤ ደንበኛ ሲገባ እኔ ትንፋሼን ሰብሰብ አደርጋለሁ። በሙያዬ ግን ሰው አምቶኝ አያውቅም። ጠላ ውስጥ ወድቆ ያደረ ስልክ አምጥተውልኝ ስካሩን አብርጄ አድኜዋለሁ። ጥጃ ያኘከችው ስልክ አምጥተውልኝ ጠግኜ ስሰጥ ባለቤቱ "ድምፁ ከድሮው ጠራ" ብሎ መርቆኛል። እንዲህ ያለ ምርቃት ሲደጋገም ሰው ያበላሻል። ቀስ በቀስ "ለመሆኑ የማይጠገን ነገር አለ እንዴ?" የሚል ሐሳብ ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቶ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ጥር ላይ አገባሁ። ባለቤቴ ትርንጎ የይፋግ ልጅ ናት። ሥራዋ ጥልፍ ነው፤ የሐበሻ ቀሚስ ላይ መስቀልና ሐረግ ትጠልፋለች። ሰርጋችንን የቀረጸው አስናቀ የሚባል ጓደኛዬ ነበር። ጥር ላይ ካሜራ እንደ በሬ ነው፤ ከአንዱ ማሳ ሲፈታ ሌላው ላይ ይጠመዳል። አስናቀም የእኛን ሰርግ ወደ ሃርድ ዲስክ አወጣና ካሜራውን ለቀጣዩ ሙሽራ ባዶ አደረገው። ሃርድ ዲስኩን ሲያስረክበኝ ሌላ ቅጂ እንደሌለው ነግሮ፣ ወደ ላፕቶፔ ገልብጬ በማግሥቱ እንድመልስለት፣ እስከዚያው እንደ ዓይኔ እንድይዘው አስጠነቀቀኝ። እንደ ዓይኔ ያዝሁት። ባጃጁ ጉድጓድ ሲገባ ዓይኔንም ጨፍኜ ነበር።

ሱቄ ገብቼ ከላፕቶፑ ጋር አገናኘሁት። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ አለ። ጥቂት ዝም አለ። እንደገና ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። በር ላይ ቆሞ ማንም የማይከፍትለት እንግዳ ይመስል ነበር።

ይህን ዕቃ ከውስጥ ለማታውቁት ላስተዋውቃችሁ። ሆዱ ውስጥ እንደ መስተዋት የሚያበራ ክብ ሳህን አለ፤ ይሽከረከራል። ከሳህኑ በላይ ደግሞ አንዲት ቀጭን ክንድ፣ እህል እንደምትለቅም ዶሮ ወዲያ ወዲህ እያለች የተጻፈውን ታነባለች። ክንዷ ያነበበችውን ለውጪው ዓለም የምታወራው በአንዲት ሪባን ነው። እኛ ጠጋኞች ፍሌክስ እንላታለን። የሽንኩርት ልጣጭ ታክላለች፤ ብታጥፏት ትታጠፋለች፤ በውስጧ ከፀጉር የቀጠኑ የመዳብ መስመሮች ተዘርግተዋል። ክንዷ ቀኑን ሙሉ ስትወዛወዝ አብራ የምትወዛወዝ እሷ ናት። ሞባይል ውስጥ ያሉትን ፍሌክሶች ስበይድ ነው የኖርሁት። ሃርድ ዲስክ ውስጥ ያለችውን ግን እንኳን ልበይዳት አይቻትም አላውቅም።

አስናቀ ሲሰማ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። ሲረጋጋ፣ አዲስ አበባ ነጭ ልብስ ለብሰው፣ አቧራ በማይገባበት ክፍል ይህን የሚሠሩ ሰዎች እንዳሉ ነግሮ፣ እንላከው አለኝ። ዝም ብል ምን ነበረበት? "አዲስ አበባ ያለው ሰው ስንት እጅ አለው? ሁለት። እኔስ?" አልሁት። አስናቀም ሁለቱንም እጆቼን አገላብጦ አያቸው።

በዚህ መሃል አማቴ እማማ የሺ ከይፋግ መደወል ጀመሩ። ይፋግ ላይ በዚያ ጥር የተዳሩ ልጆች ሁሉ ፊልማቸው ደርሶ፣ ጎረቤት ተጠርቶ ታይቷል። የቀረው የእሳቸው ልጅ ሰርግ ብቻ ነው። እማማ የሺ ቁጡ ሴት አይደሉም፤ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ይደውላሉ፣ ስለ ጤናዬ ሦስት ጊዜ ይጠይቃሉ፣ ከዚያ ረጋ ባለ ድምፅ ፊልሙ የት እንደደረሰ ይጠይቃሉ። በመጀመሪያው ቅዳሜ እየተቀናበረ ነው አልኋቸው። በሁለተኛው ሙዚቃ እየገባለት ነው አልሁ። በሦስተኛው የምለው ቢጠፋኝ ቀለሙ እየደረቀ ነው አልኋቸው። እሳቸውም "እንግዲህ ፀሐይ ላይ አስጡት" ብለው ስልኩን ዘጉ።

ለትርንጎም አልነገርኋትም ነበር። አንድ ቀን ግን ሃርድ ዲስኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ዓይኔን ጨፍኜ ሳዳምጥ ደረሰችብኝ። ባሏ ከሣጥን ጋር ሲያወራ ያየች ሴት ማብራሪያ ትፈልጋለች፤ ሁሉንም ነገርኋት።  ስለ ቀለሙ መድረቅ ስነግራት ሳቀች፤ ስቃ ስታበቃ አለቀሰች፤ አልቅሳ ስታበቃ እናቷ ሳያውቁ እንዳስተካክለው አዘዘችኝ። እኔም አፌን ሞልቼ እሺ አልኋት።

ችግሩ አቧራ ነው። በዚያ በሚሽከረከር ሳህን ላይ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ካረፈች፣ ለክንዷ በአስፋልት መሃል እንደተጋደመ ቋጥኝ ነች። ያን ሰሞን ደግሞ ደጄ ላይ ኮብልስቶን ይነጠፍ ነበር። ጠራቢዎቹ ድንጋይ ሲጠርቡ ይውላሉ፤ ምላሴ ላይ ሁሉ ድንጋይ ነበረብኝ። እቤት አስቤ አስቤ፣ አልጋዬ ላይ አጎበር ዘረጋሁና ከነዕቃዬ ከውስጥ ገባሁ። ቀኑ እኩለ ቀን ነው። የእጅ ባትሪ በጥርሴ ነክሼ፣ ክዳኑን የጣት ውፍረት ያህል ብድግ ሳደርገው ሪባኗን አየኋት። አልተቀደደችም። ከሥሯ የተበየደችባቸው አራት ነጥቦች ናቸው የለቀቁት። አራት ብቻ። ከደስታዬ የተነሣ አፍንጫዬን በላኝ። ማስነጠስ ሲመጣ ክዳኑን ደፍኜ፣ ሃርድ ዲስኩን ትራስ ሥር ከትቼ፣ አጎበሩን እስኪርገበገብ አስነጠስሁ።

ለካ አንድ ደንበኛ ስልኩን ሊጠይቅ መጥቶ በመስኮት አይቶኛል። በቀትር አጎበር ውስጥ ተጋድሞ የሚንቀጠቀጥ ሰው ምን ይባላል? ወባ ይባላል። ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰዎች ሊጠይቁኝ መጡ። አንደኛዋ ጎረቤት አጥሚት ይዛ ነበር። እንዳላሳፍራት ተንተርሼ ጠጣሁላት፤ ጥሩ አጥሚት ነበር።

በማግሥቱ አስናቀ የሰማውን ነገር ይዞ መጣ። እንፋሎት በሞላው ክፍል ውስጥ አቧራ ከእንፋሎቱ ጋር ተጣብቆ መሬት ይወርዳል፤ እንፋሎቱ ሲረጋ አየሩ ንጹሕ ይሆናል። ይህን እያወራን ስልኬ ጮኸ። ቅዳሜ አልነበረም፤ የደወሉት ግን እማማ የሺ ነበሩ። ለጉልበታቸው ወንዛዬ ፍል ውኃ ወርደው ክፍል ተከራይተው ተቀምጠዋል። አብረዋቸው ለሚታጠቡት ሰዎች ሁሉ ስለ ልጃቸው ሰርግ ነግረዋቸዋል። በሦስተኛው ቀን ከትርንጎ ጋር ፊልሙን ይዘን እንድንመጣ፣ ቀለሙም እስካሁን ደርቆ እንደሚሆን ነገሩኝ።

ስልኩን ዘግቼ አስናቀን አየሁት። አስናቀም አየኝ። ፍል ውኃ። እንፋሎት። ከመሬት ሆድ በነጻ የሚወጣ እንፋሎት። አዲስ አበባ ያሉት ባለ ነጭ ልብሶች ይህን አግኝተው ያውቃሉ?

መበየጃዬን፣ ላፕቶፔን፣ በቅንድብ የምትያዝ ትንሽ የሰዓት ሠሪ መነጽር የመሰለች ማጉያዬን ጠቅልዬ ከትርንጎ ጋር ሚኒባስ ላይ ተሳፈርሁ።  ሃርድ ዲስኩን ይዞ ለመሄድ ማንም አላመነኝም። ትርንጎ በፎጣ፣ ፎጣውን በጋቢ ጠቅልላ ደረቷ ላይ አቀፈችው። ከወረታ የተሳፈረች አንዲት ሴትዮ ጥቅልሉን በፍቅር እያየች ስንት ወሩ እንደሆነ ጠየቀቻት። ትርንጎ ጥቂት አሰበችና "ሁለት ወሩ" አለቻት። አልዋሸችም። ሴትዮዋም ያሳድግልሽ ብላ መረቀቻት፤ ሐሙሲት እስክንደርስም መስኮት በተከፈተ ቁጥር ልጁን ንፋስ እንዳይመታው ተሳፋሪውን ሁሉ ስትቆጣ ሄደች።

ወንዛዬ ስንደርስ እማማ የሺ ክፍላቸው ደጃፍ ላይ ነበሩ። አምስት ሴቶች ተሰብስበዋል። በርጩማዎች በሁለት ረድፍ ተደርድረው ባዶ ግድግዳ ያያሉ። የሰርግ ፊልም ሳይሆን የፍርድ ችሎት የቀረብሁ መሰለኝ። ሳምኋቸው፣ ጉልበታቸውን ጠየቅሁ፣ ከዚያ አፌ እንደ ልማዱ ቀደመኝ፦

"እማማ፣ ፊልሙን መንገድ ላይ ብርድ መታው። ትንሽ ማሞቅ ያስፈልገዋል።"

ትርንጎ ወደ ሰማይ አየች። እማማ የሺ ግን ብርድ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቁ ሰው ናቸው። ለብርድማ ትክክለኛው ቦታ መጣችሁ ብለው ክፍሉን ለቀቁልኝ።

ክፍሉ መስኮት የለውም። ትርንጎና እኔ ከፍል ውኃው በባልዲ እየተመላለስን ትልቅ ገበቴ ሞላን። አልበቃ ሲለኝ በከሰል ምድጃ ላይ ድስት ጣድሁ። በሩን ዘግተን ጠበቅን። ትንሽ ቆይቶ እንፋሎቱ ከጣሪያ እስከ ወለል ሞላ። የራሴን አፍንጫ አጣሁት። ትርንጎን በድምፅ ነበር የማገኛት። ላቤ ከእንፋሎቱ ጋር ተደባልቆ ጫማዬ ውስጥ ይንቦጫቦጫል። "አቧራው ወረደ?" ስትለኝ "አቧራውማ ወረደ፣ እኔም ልከተለው ነው" አልኋት።

እንፋሎቱ እስኪረጋ ጠብቀን መበየጃዬን ልሰካ ስል መብራት የለም። ለካ ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል። ሻንጣዬን ስበረብር ደግሞ የብየዳው እርሳስ የለም፤ ደብረ ታቦር ጠረጴዛዬ ላይ ቀርቷል። በሩን ገርበብ አድርጌ፣ እባካችሁ እርሳስ ፈልጉልኝ ብዬ ወደ ውጭ ለመንሁ። ብዙም ሳይቆይ አንድ እጅ በበሩ ስንጥቅ ገባ። በደንብ የተቀረጸ፣ ላጲስ ያለው፣ ቢጫ የመጻፊያ እርሳስ ይዟል። ይህ አይደለም፣ የሚቀልጠው ነው ብዬ መለስሁት።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ከእጄ የወጣው። እኔ ውስጥ ስፍጨረጨር ውጭ ያለው ሰው ያየውን ገጣጥሟል። ከደብረ ታቦር አንድ ሰው መጥቷል። ክፍል ዘግቶ በእንፋሎት አጥኗል። የሚግል ብረት ይዟል። አሁን ደግሞ እርሳስ ጠየቀ። ሐኪም እርሳስ የሚጠይቀው ለምን ነው? ለምዝገባ ነው። በሩን ሁለተኛ ጊዜ ስከፍት የተመለሰው እርሳስ ሥራ ላይ ውሏል፤ አንዷ ሴትዮ ደብተር ዘርግታ አሥራ አራት በሽተኛ ጽፋለች። ሰባቱ ጉልበት፣ ስድስቱ ወገብ፤ አንዱ ብቻ ጆሮ ነው።

የመጀመሪያው ተራ የአባ ታረቀኝ ነበር። ከፎገራ በኩል የመጡ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለው፣ ሬዲዮ በገመድ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ገቡና ገበቴው አጠገብ ተቀመጡ። እኔ ጠጋኝ እንጂ ሐኪም እንዳልሆንሁ አስረዳኋቸው። ጠግነኝ ታዲያ አሉኝ። የምጠግነው ሬዲዮ ነው አልኋቸው። ሬዲዮው ደኅና ነው፣ የታመመው ጉልበቱ ነው አሉኝ። ከዚህ በላይ ምን ይባላል?

ሬዲዮ ሲሉ ግን ብልጭ አለልኝ። ሬዲዮ ውስጥ እርሳስ አለ። በየመገጣጠሚያው የተንጠባጠበ፣ የሚቀልጥ እርሳስ። ሬዲዮውን ከፍቼ ከባትሪው ሥር የስንዴ ፍሬ ታህል ብወስድ ምንም አይጎድልበትም። አባ ታረቀኝ በጥሞና ሰሙኝና ሬዲዮውንም ጉልበቱንም አብረን እንድናየው ተስማሙ። ጨርቅ በፍል ውኃ ነክሬ ጉልበታቸውን ጠቀለልሁላቸው። እጄን ካልጫንሁበት እንደማይሆን ነገሩኝ፤ ጫንሁበት። ዓይናቸውን ጨፍነው እፎይ አሉ።

በዚህ ሁኔታ ላይ እያለን፣ ማለትም እኔ አንድ እጄን የማላውቀው ሰው ጉልበት ላይ ጭኜ፣ በሌላው የተፈታ ሬዲዮ ይዤ፣ ከወገቤ በላይ በላብ ርሼ እያለሁ፣ እማማ የሺ በሩን ከፍተው ገቡ። እኔን አዩ፤ ሽማግሌውን አዩ፤ አልጋው ላይ በፎጣ የተጠቀለለውን ሃርድ ዲስክ አዩ። በሩን ከኋላቸው ዘጉት።

"ልጄ፣ ፊልሙ ምን ሆኖ ነው?"

አፌ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዳኝ። ስለ ባጃጁ፣ ስለ ድንጋዩ፣ ስለ አራቱ ነጥቦች፣ ሌላ ቅጂ እንደሌለው ሁሉንም ነገርኋቸው። ስናገር ድምፄ እየቀጠነ ሄዶ መጨረሻ ላይ የሞባይል መልእክት ያህል ሆነ። ትርንጎ አጠገቤ መጥታ ቆመች። እማማ የሺ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

"የፊልም ቀለም ሲደርቅ ተሰምቶ እንደማያውቅ እኔም አላጣሁትም" አሉ። "የዋሸን ሰው ካላሳፈሩት ቶሎ ይመለሳል ብዬ ነው ዝም ያልሁት። አንተ ግን ዘገየህብኝ።"

መሬት ተሰንጥቆ ፍል ውኃው ቢውጠኝ በወደድሁ። እሳቸው ግን ነገሩን እዚያው ላይ ተዉትና ምን እንደጎደለኝ ጠየቁ። የሚግል ቀጭን ብረት አልሁ። ወደ ሰፌድ ስፌታቸው ሄዱ፤ ጊዜ እንዳይረዝምባቸው ወንዛዬም ይዘውት ወርደዋል። ከአለላው መሃል ወስፌያቸውን መዘው ሰጡኝ። ጫፉ እንደ መርፌ የሾለ፣ እጀታው በእድሜ ያበራ ወስፌ። ለብየዳ ታስቦ የተሠራ ይመስል ነበር።

ወስፌውን ከሰሉ ውስጥ ከተትነው። ክዳኑን ከፈትሁ። ሳህኑ እንደ ሐይቅ አበራ፤ አንድም አቧራ አልነበረበትም፤ የሚታየኝ የተጨነቀው የራሴ ፊት ብቻ ነበር። ትርንጎ ነጠላዋን አራት አጥፋ ሳህኑን በደረቁ ጫፍ ጋረደችው። ኪሴ ውስጥ የነበረውን የብየዳ ቅባት ነጥቦቹ ላይ ነካ ነካ አደረግሁ። የጋለውን ወስፌ ከሬዲዮው እርሳስ ላይ አሳረፍሁና የሰናፍጭ ቅንጣት የምታህል ጠብታ አነሣሁ። ወደ ሪባኗ ሳስጠጋው እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ተውሁት፤ ተነፈስሁ፤ እንደገና አስጠጋሁ። እንደገና ተንቀጠቀጠ። ደብረ ታቦር ላይ ስንቱን ስልክ ያዳነ እጅ አማቱ ፊት ቅጠል ሆነ።

"አምጣው" አለችኝ ትርንጎ።

እንዴት ተደርጎ ልላት ነበር። ግን እጇን አየሁት፤ እንደ ድንጋይ ረግቶ ተዘርግቷል። ይህ እጅ ቀን በቀን ከፀጉር የቀጠነ ክር በመርፌ ዓይን የሚያሳልፍ፣ በአንድ ቀሚስ ጫፍ ላይ ሺህ ጊዜ የሚወጋና አንዴም የማይስት እጅ ነው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ቤቴ ውስጥ ማን ጠጋኝ እንደሆነ አልገባኝም ነበር። ወስፌውን ሰጠኋት። ማጉያዋን ቅንድቧ ላይ ሰካሁላት። አባ ታረቀኝ ጉልበታቸውን እንደተጠቀለሉ የስልክ መብራት ያዙላት። እኔ የቀረኝ ሥራ አለመተንፈስ ብቻ ነበር፤ በርትቼ ሠራሁት።

አንደኛዋን ነጥብ ነካች፤ እርሳሱ ፈሰሰና አብረቀረቀ። ወስፌውን ከሰል ውስጥ መለስን። ሁለተኛዋን ነካች። ሦስተኛዋ ላይ ጠብታዋ በዛችና ከጎረቤቷ መስመር ልትገናኝ ስትል፣ ትርንጎ በወስፌው ጫፍ የተሳሳተ ክር እንደሚመዘዝ አድርጋ ለየቻት። አራተኛዋን ስትጨርስ ቀና ሳትል "እሚቋጨው የት ነው?" አለች። መቋጨት እንደሌለበት ነገርኋት። ክዳኑን ገጠምን። ያን ጊዜ አራታችንም ባንድ ላይ ተነፈስን፤ ከሰሉ ተቀስቅሶ ብልጭ አለ።

ላፕቶፑ ባትሪው ግማሽ ላይ ነበር። ገመዱን ሰካሁ። ጠቅ የለም። አዳመጥን። ከሩቅ እንደሚመጣ ንብ እዝዝዝ የሚል ድምፅ መጣ፤ ስክሪኑ ላይም የፊልሞቹ ስም ተደረደረ። ቤተ ክርስቲያን። ሙሽሪት ስትወጣ። ምሳ። መልስ። ትርንጎ ወስፌውን እንደያዘች አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ ጀርባዬ ላይ እስከ ዛሬ ትንሽ ምልክት አለኝ፣ ወስፌው ገና አልበረደም ነበር።

ወደ ላፕቶፑ መገልበጥ ጀመርሁ። የመጀመሪያው እንቢ አለ። ሁለተኛው እንቢ አለ። ምሳው እንቢ አለ። በዝርዝሩ ግርጌ ስም ያልተሰጠው አንድ ፊልም ነበር፤ እሱ መሄድ ጀመረ። ሲያበቃ የንቡ ድምፅ ቀጠነ፣ አንድ ጊዜ ጮኸና ጸጥ አለ። ከዚያ በኋላ ምን ቢለምኑት፣ አዲስ አበባ ድረስ ነጭ ለባሾቹ ጋ ቢወስዱት አልተነሣም። ለመውሰዱም ወስጄዋለሁ፤ ውስጡን ከፍተው ሲያዩ ይህን ማን በየደው ብለው ጠየቁኝ። ባለቤቴ፣ በወስፌ፣ በወንዛዬ እንፋሎት አልኋቸው። አንዱ ወጣት የነጭ ልብሱን ቁልፍ ይዞ ቆሞ ቀረ።

እንግዲህ ከሰርጋችን የተረፈችው ያቺ አንዲት ፊልም ናት። በርጩማዎቹ ላይ ሰው ሞላ። አሥራ አራቱም በሽተኞች መጡ፤ አባ ታረቀኝ የቆሙት ግድግዳ ሳይደገፉ እንደሆነ ሰው ሁሉ አየ፤ እኔ ምንም አልተናገርሁም። ላፕቶፑን ከፍ ያለ ጣሳ ላይ አስቀምጬ ፊልሙን ከፈትሁት።

ቤተ ክርስቲያኑ አልነበረም። ሙሽሪትም ሙሽራውም አልነበርንም። አስናቀ ምሳ ሊበላ ሲሄድ ሁለተኛ ካሜራውን ሳያጠፋ ሴቶቹ ወጥ የሚሠሩበት ዳስ ውስጥ መደርደሪያ ላይ አስቀምጦት ኖሯል። ከድስት መሃል ቆመው እማማ የሺ ይታያሉ። መቀነታቸውን አጥብቀዋል፤ ረጅም ማማሰያ ይዘዋል። አርባ ሴት ያዛሉ። አንዱን ድስት ቀምሰው ፊታቸውን ያጨፈግጋሉ፤ ሌላውን ቀምሰው በዝምታ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አንዷ ሽንኩርት ከታፊ እንባዋን ስትጠርግ ያጽናኗታል። ከውጭ ከበሮ ይሰማል፤ ሙሽሪት እየወጣች ነው። ሴቶቹ ሁሉ ለማየት ተሯሩጠው ወጡ። የተጣደው ወጥ እንዳያርር እማማ የሺ ብቻቸውን ቀሩ። ግራ ቀኝ አዩ። ማንም የለም። ያን ጊዜ ማማሰያቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ በድስቶቹ መሃል፣ ብቻቸውን እስክስታ ወረዱ። እንዴት ያለ እስክስታ። እኔ በሰርጌ ቀን እንዲያ የጨፈረ ሰው አላየሁም።

በርጩማዎቹ በእልልታ ተነቃነቁ። አንዲት ሴትዮ ጾም ነው እኮ ብትል፣ ሌላዋ የተጨፈረው በጥር ነው አለቻት። እማማ የሺ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው እስኪነቀነቅ ሳቁ። ደግሜ እንድከፍተው ጠየቁኝ። ደገምሁት። በሦስተኛው ላይ ሳቁን ትተው ወደ ስክሪኑ ተጠግተው ነበር የሚያዩት። ትርንጎ እጃቸውን ያዘቻቸው።

"እኔ እኮ የልጄ ሰርግ ላይ ያልነበርሁ ይመስለኝ ነበር" አሉ ቀስ ብለው። "ለካ ነበርሁ።"

አራተኛው ላይ የላፕቶፑ ባትሪ አለቀና ስክሪኑ ጠቆረ። ሰው ሁሉ አዝኖ ሊነሣ ሲል እማማ የሺ ተቀመጡ አሉ። ከፊልሙ የጎደለውን እሳቸው ይነግሯቸዋል። በጠቆረው ስክሪን ፊት ለፊት ዞረው ተቀመጡና፣ ያላዩትን ሰርግ ከመጀመሪያው ጀምረው ይተርኩት ጀመር። ቄሶቹ ስንት እንደነበሩ፣ ልጃቸው ስትወጣ ፀሐይዋ እንዴት ከደመና እንደወጣች፣ ሽማግሌዎቹ ምን ብለው እንደመረቁ። ሰው በርጩማውን አቀረበ። ትርንጎ ሳይቀር አፏን ከፍታ ታዳምጥ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ደረሱ። ሙሽራው፣ አሉ እማማ የሺ፣ ከሚዜዎቹ ቀድሞ በነጭ ፈረስ ላይ ሆኖ መጣ፤ ፈረሱ ሲሰግር ምድር ትንቀጠቀጥ ነበር።

እኔ የመጣሁት ማርሹ በሚንተባተብ ሚኒባስ፣ በሁለት የለስላሳ ሣጥኖች መካከል ተጣብቄ ነበር። አሥራ አራቱ በሽተኞችና አምስቱ ሴቶች ግን በአንድነት ዞረው አዩኝ። ትርንጎ ክርኗን ጎኔ ላይ አስደግፋ ፊቴን ታያለች። ምን አደርጋለሁ? ጀርባዬን አቀናሁ፤ በፈረስ የመጣ ሰው ጎብጦ አይቀመጥም።